ሽልማቱ ለማን፣ ገንዘቡ ለምን?

የአእምሮ ጤናንና አንጎልን ለሚያጠኑ ጀማሪ ሳይንቲስቶች ስለሚሰጡ ሽልማቶችና ድጎማዎች የደረሱንን ጥያቄዎች በአንድ ላይ አቅርበናል። ተመሳሳዮቹን አጣምረን ረጃጅሞቹን አሳጥረናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በድብርት ሕመም መታከም ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል። «ወጣቷ ሳይንቲስት በድብርት ላይ ባደረገችው ምርምር ተሸለመች» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር መድኃኒት የተገኘ እየመሰለኝ ሐኪሙ ዘንድ እሮጣለሁ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ይመልሰኛል። እንዲህ ያለውን ዜና እንዴት ላንብበው?

መልስ፦ ፈገግታው ቢቀር ይሻል ነበር። መልሱ ግን ያው ነው፤ ዜናው ስለ መድኃኒት አይደለም። የጀማሪ ተመራማሪ ሽልማት የሚሰጠው ጥሩ ጥያቄ አንሥቶ በጥንቃቄ ለመለሰ ሰው ነው። ጥያቄው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው፤ ይህ የነርቭ ሴል ሲቀሰቀስ ጎረቤቱ ምን ይሆናል እንደማለት።

ዜናውን ሲያነቡ መጀመሪያ ዐይንዎ የሚፈልገው ቃል «በአይጦች» የሚለው ይሁን። አይጥ «ከፍቶኛል» አትልም፤ ስለዚህ ተመራማሪው ሌላ ነገር ለመለካት ይገደዳል። በጣም ከተለመዱት መለኪያዎች አንዱ አይጧን ውኃ በተሞላ ረጅም የመስታወት ዕቃ ውስጥ ለ6 ደቂቃ አስገብቶ፣ በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ውስጥ መዋኘቷን ትታ ዝም ብላ የተንሳፈፈችበትን ሰከንድ መቁጠር ነው። ፀረ ድብርት መድኃኒት የተሰጣት አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ረዘም አድርጋ ትታገላለች። ዝም ማለቷ ግን ተስፋ መቁረጥ ነው ወይስ ጉልበት መቆጠብ? በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ሙከራው ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ በሰው ላይ የማይሞከር ነገር የሚጠናው እንዲህ ነው። ነገር ግን ከውኃው ዕቃ እስከ ወንድምዎ አልጋ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ጥናቱ በሰዎች ላይ ከተሠራ ቀጥሎ የሚታየው ቁጥሩ ነው፤ ስንት ሰዎች? ትንሽ ቁጥር ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። በ2000 ኬታሚን የተባለው የማደንዘዣ መድኃኒት ድብርትን በሰዓታት ውስጥ ሊያቀል እንደሚችል ያሳየው ጽሑፍ ሙከራውን የጨረሱ 7 ታካሚዎች ብቻ ነበሩት። የተሰጣቸውም ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊግራም ተሰልቶ፣ በደም ሥር በ40 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ቡድኖች ደግመው ሞከሩት፣ ቁጥሩ አደገ፣ መጠኑ ተፈተሸ። የኬታሚን ዘመድ የሆነው ኤስኬታሚን፣ በአፍንጫ የሚረጨው፣ ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው በመጋቢት 2019 ነው። 19 ዓመት መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ታካሚው ከወሰደ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት በባለሙያ ክትትል ሥር መቆየት አለበት፤ የደም ግፊት ሊጨምር፣ አእምሮም ለጊዜው ሊደነግዝ ይችላልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ሌላ ቡድን ደግሞ ሞክሮታል ወይ የሚለው ነው። እኛ ከሁሉም በላይ ክብደት የምንሰጠው ለዚህ ነው። በ2003 አንድ ታዋቂ ጥናት በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት ከሚያደርሰው ሴሮቶኒን ማጓጓዣ ጋር የተያያዘ የዘር ቅንጣት ልዩነት ያላቸው ሰዎች፣ ክፉ ነገር ሲደርስባቸው ለድብርት ይበልጥ ይጋለጣሉ ብሎ ነበር። በዚህ ሐሳብ ላይ ብዙ ሥራ ተሠራ፣ ብዙ ገንዘብም ፈሰሰ። በ2019 ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መረጃ የመረመረ ጥናት፣ ያንን ጨምሮ በድብርት ተጠርጥረው የቆዩ 18 ዝነኛ የዘር ቅንጣቶችን ቢፈትሽ፣ በዘፈቀደ ከተመረጡ ሌሎች የተለየ ነገር አላገኘባቸውም።

እንግዲህ ዜናውን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ «መድኃኒቱ መጣ?» ከማለት ይልቅ «በሰው ላይ ተሞክሯል? ስንት ሰው ላይ? ሌላ ቡድን ደግሞታል? ለወንድሜ ዓይነት ሕመም ሙከራ የሚመዘግብ ቦታ አለ?» ብለው ይጠይቁት። በመካከሉ ግን ወንድምዎ የጀመረውን መድኃኒት አዲስ ይመጣል ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ። ፀረ ድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማዞር፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ መነጫነጭ ሊያስከትል ይችላል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለምን ወጣቶቹን? ዕውቀቱም ልምዱም ያለው በዕድሜ ከገፉት ዘንድ አይደለም?

መልስ፦ ልምዱ እውነት ነው። ገንዘቡም እዚያው ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትልቅ ድጎማ ለማግኘት «ሐሳቤ እንደሚሠራ የሚያሳይ የመጀመሪያ ውጤት ይኸው» ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ዶክትሬቱን ጨርሶ የራሱን ቤተ ሙከራ ያልከፈተ ሰው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይቀረቀራል። ብዙዎች ሙያውን የሚለቁትም እዚህ ላይ ነው።

የጀማሪዎች ድጎማ የተሠራው ለዚች ክፍተት ነው። በአሜሪካ ያለው የአንጎልና ባሕርይ ምርምር ፋውንዴሽን ከ1987 ጀምሮ ድጎማ ይሰጣል፤ ለወጣት ተመራማሪዎች የሚሰጠው በሁለት ዓመት እስከ 70,000 ዶላር ይደርሳል። ቆይቶም ድጎማውን ከወሰዱት መካከል ግሩም ሥራ የሠሩትን መርጦ በሁለት ሽልማቶች ያከብራል፤ በሕክምናው በኩል ላሉት በጀራልድ ክለርማን ስም፣ በመሠረታዊ ሳይንሱ በኩል ላሉት በዳንኤል ፍሪድማን ስም። ይህን አሠራር እንወደዋለን። ብዙ ሽልማት ተስፋን ይሸልማል፤ ይህኛው ግን ተመልሶ «በሰጠናችሁ ገንዘብ ምን ሠራችሁ?» ይላል።

ዕድሜን በተመለከተ ታሪኩ ራሱ ይናገር። ጆን ኬድ ሊቲየም የማኒያን (ከልክ ያለፈ የስሜት መነቃቃትን) ሕመም እንደሚያረጋጋ በ1949 ሲያሳውቅ የ37 ዓመት አውስትራሊያዊ ሐኪም ነበር። ለአይጥ መሰል ጊኒ ፒጎች የሊቲየም ጨው ወግቶ ሲፈዙ አየና ማኒያ ላለባቸው 10 ታካሚዎች ሰጠ። (ጊኒ ፒጎቹ የፈዘዙት መጠኑ መርዟቸው ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ፤ ከተሳሳተ ምልክት ተነሥቶ ትክክለኛ ቦታ መድረስም አለ።) ነገሩን በዕጣ በተከፋፈለ ሙከራ የፈተሸው ዴንማርካዊው ሞገንስ ሹ በ1954 ውጤቱን ሲያወጣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ነበር። በአሜሪካ ግን ሊቲየም የተፈቀደው በ1970 ነው። የአንጎል ተመራማሪው ጆን ኦኪፍም እንዲሁ ነው፤ አይጥ ያለችበትን ቦታ የሚያውቁ የአንጎል ሴሎችን በ1971 ሲያስታውቅ 31 ዓመቱ ነበር፣ ኖቤል ሲደርሰው 2014 ሆኗል። 43 ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ክብር ለቤተ ሙከራ ኪራይ አይሆንም።

በነገራችን ላይ የኬድ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በ1949 የሕክምና ኖቤልን ከወሰዱት አንዱ ኤጋስ ሞኒዝ ነበሩ። የተሸለሙት የአንጎልን የፊት ክፍል ነርቮች በመቁረጥ የአእምሮ ሕመምን «ለማከም» ላስጀመሩት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕድሜያቸው 74 ነበር። ሸላሚም ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ነኝ። ስፔሻላይዜሽን ጨርሼ ዶክትሬት ሠራሁ፣ በመካከሉ ሁለት ልጆች ወለድኩ። አሁን 39 ዓመቴ ነው። «ጀማሪ ተመራማሪ» ልባል እችላለሁ? ወይስ ጊዜው አልፎብኛል?

መልስ፦ አብዛኛው ሰጪ የሚቆጥረው ዕድሜን ሳይሆን ከመጨረሻው ዲግሪ በኋላ ያለፈውን ዓመት ነው፤ ስለዚህ ቀድመው ተስፋ አይቁረጡ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ጀማሪ የሚሉት ከመጨረሻ ዲግሪው ወይም ከሕክምና ሥልጠናው (የኋለኛው ይቆጠራል) 10 ዓመት ያላለፈውንና ትልቅ ራሱን የቻለ ድጎማቸውን ያልወሰደውን ነው። ልጅ የወለደች ተመራማሪ ስትጠይቅ አንድ ዓመት ይጨመርላታል። የአውሮፓ ምርምር ምክር ቤት የጀማሪዎች ድጎማ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሠራበት ደንብ ከዶክትሬት በኋላ ከ2 እስከ 7 ዓመት የሚል ሲሆን፣ ለእናት በእያንዳንዱ ልጅ 18 ወር ይጨምራል። በዚህ ስሌት ዶክትሬቷን በመጋቢት 2016 የያዘች የሁለት ልጆች እናት መስኮቷ በመጋቢት 2023 አይዘጋም፤ 36 ወር ተጨምሮ እስከ መጋቢት 2026 ይሄዳል። ደንቡ ከጥሪ ጥሪ ስለሚለዋወጥ የሚያመለክቱበትን ዓመት ሰነድ ራሱን ያንብቡ።

ዕድሜን የሚቆጥሩም አሉ። የቤተ ሙከራ ዕቃ አምራቹ ኤፔንዶርፍ «ሳይንስ» ከተባለው መጽሔት ጋር ለኒውሮባዮሎጂ (ለነርቭ ሥርዓት ጥናት) የሚሰጠው 25,000 ዶላር ከ35 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው አይደለም። እርስዎን ይህ አልፎዎታል። የሁለት ሙያ ሥልጠና ለወሰደና ለወለደ ሰው እንዲህ ያለው ደንብ ፍትሐዊ ነው ብለን አናምንም፤ ይሁንና ደንቡ ይኸው ነው።

ማመልከቻ በተደጋጋሚ የሚወድቀው በሦስት ትንንሽ ነገሮች ነው። አንዱ የዲግሪው ቀን ነው፤ መመረቂያ ጽሑፉን የተከላከሉበት ቀን፣ ሴኔቱ ያጸደቀበት ቀንና ጋውን የለበሱበት ቀን ይለያያሉ፤ የትኛው እንደሚቆጠር ጥሪው ይናገራል። ሁለተኛው ዓመቱ የሚቆጠረው ማመልከቻው እስከሚላክበት ቀን ሳይሆን ጥሪው እስከጠቀሰው ቀን መሆኑ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት የሚገባና የሚወጣ ሰው አለ። ሦስተኛው የወሊድ ማራዘሚያ በራሱ አለመታሰቡ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት አያይዞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዝም ካሉ ዝም ይሉዎታል።

ጥያቄ፦ ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ነኝ። በሁለት ዓመት 70,000 ዶላር ለሚሰጥ ድጎማ ላመለክት ነው። ሐሳቤ ጭንቀት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ አንሥቶ ማወዳደር ነው። የቀድሞ ኃላፊዬ «ሐሳቡ ያምራል፣ ሒሳቡ አይሆንም» አሉኝ። ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ ትክክል ናቸው። ወረቀትና እርሳስ ያምጡ።

በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት መካከለኛ፣ ማለትም የስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የሰዎቹ ውጤት ከአማካዩ የሚራራቅበት መጠን) ግማሽ ያህል ነው እንበል። በአእምሮ ጤና ጥናት ይህ ራሱ ለጋስ ግምት ነው። ልዩነቱ ካለ በ80 ከመቶ ዕድል ለማግኘት በእያንዳንዱ ቡድን 64 ሰው ያስፈልጋል፤ በድምሩ 128። የእርስዎ ማዕከል የኤምአርአይ አንድ ሰዓት 500 ዶላር ያስከፍላል ብለን ብናሰላ፣ 128 ሰዓት 64,000 ዶላር በላ። ለተሳታፊ ትራንስፖርት፣ ለረዳት ደመወዝ፣ ለሁሉም ነገር 6,000 ዶላር ቀረ። ልዩነቱ አነስ ብሎ 0.3 ቢሆን ደግሞ በእያንዳንዱ ቡድን 175 ያህል ሰው ያሻል፤ ገንዘቡ ግማሽ መንገድም አያደርስም።

ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት በየቡድኑ 20 ሰው ይበቃል ብሎ መጻፍ ነው። ገምጋሚው ወዲያው ያየዋል። ገምጋሚው ቢያልፈው እንኳ ውጤቱ አያልፈውም፤ በ20 ሰው የሚታየው ልዩነት ብዙውን ጊዜ ወይ የአጋጣሚ ነው ወይ ከእውነቱ የተጋነነ ነው። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት የአንጎልን ቅርጽና አሠራር ከሰዎች ባሕርይ ጋር አስተማማኝ በሆነ መንገድ ለማያያዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ተሳታፊዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል።

መውጫው ጥያቄውን መቀየር ነው። ሁለት ቡድን ከማወዳደር ይልቅ አንድን ሰው ከራሱ ጋር ያወዳድሩ፤ ለምሳሌ በንግግር ከሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና በፊትና በኋላ። ለዚያው ለመካከለኛ ልዩነት 34 ሰው ይበቃል። ከአምስት አንዱ ሳይመለስ ይቀራል ብለው 43 ይመዝግቡ። ሁሉም ሁለቴ ቢመጡ 86 ሰዓት፣ 43,000 ዶላር ነው። በመጣ ቁጥር ለተሳታፊው 50 ዶላር ቢከፈል 4,300 ይጨመራል። የቀረው 22,700 ለትርፍ ሰዓት ረዳትና ላልታሰበ ነገር ነው። እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ገምጋሚ ይመጣል፤ «ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ቢሻለውስ?» ይላል። ስለዚህ ጥቂት ሰዎችን ሕክምናውን ከመጀመራቸው በፊት በወረፋ ላይ እያሉ ሁለቴ ለማንሣት በመጠባበቂያው ላይ ገንዘብ ይተዉ፤ ይህ የመጨረሻ መልስ ባይሆንም ጥያቄውን እንዳልረሱት ያሳያል።

«ላልታሰበ ነገር» ስንል ግን በደንብ የሚታሰብ ነገር ነው። ጭንቀት ያለበትን ሰው ጠባብ፣ የሚጮህ ቱቦ ውስጥ ማስተኛት ቀላል አይደለም፤ ጥቂቶች መሃል ላይ «አውጡኝ» ይላሉ። በልባቸው ላይ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ በአካላቸው ውስጥ ብረት ያላቸው ከመጀመሪያው አይገቡም። ጭንቅላቱን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ያንቀሳቀሰ ሰው ምስል እንኳ ሊበላሽ ይችላል። ሰው ተኝቶበት ድምፁን በቴፕ የሚሰማበት፣ የማይሠራ የልምምድ ማሽን ማዕከሉ ካለው ለእያንዳንዱ ተሳታፊ 15 ደቂቃ ይመድቡ፤ ከሚጣለው ምስል ይልቅ ይህ ይረክሳል።

ሌላው መንገድ ምንም አዲስ ምስል አለማንሣት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ9 እና 10 ዓመታቸው ጀምሮ ወደ 12,000 የሚጠጉ ልጆችን የሚከታተለው የኤቢሲዲ ጥናት መረጃውን ለተመራማሪዎች በፈቃድ ይሰጣል። በዚያ ላይ ሐሳብዎን ከፈተሹ በኋላ ገንዘቡን በራስዎ ተሳታፊዎች ለመድገም ያውሉታል። በሦስት ወር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚገኝ የመጀመሪያ ውጤት ገምጋሚን እንደሚያለዝብ አይጠራጠሩ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አይርሱ፤ ኮሚቴው የሚጠይቀው እርማት ወራት ሊወስድ ይችላል፣ የሁለት ዓመቱ ሰዓት ግን ገንዘቡ ከገባ ቀን መቁጠር ይጀምራል። ስለዚህ መልስ እስኪመጣ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ያስገቡ። ከተሳታፊዎቹ አንዱ ራሱን ስለማጥፋት ሐሳብ ቢናገር ማን፣ በየትኛው ስልክ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚጠራ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሽልማትና ድጎማ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ገንዘቡ የእኔ ነው?

መልስ፦ ሽልማት በአብዛኛው ለሰውየው ነው፤ እንደ ገቢ ስለሚታይ ግብር ሊኖርበት ይችላል። ድጎማ ለተቋሙ ይገባል፣ እርስዎ ፈራሚ ነዎት፤ ለቤት ኪራይ አይሆንም። ተቋሙ ለመብራት፣ ለሒሳብ ሠራተኛና ለመሳሰለው የሚቆርጠው ከድጎማው ውስጥ ነው ወይስ በላዩ? ከመፈረምዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ከውስጥ 15 ከመቶ ቢቆረጥ 70,000ው 59,500 ይሆናል፤ ከላይ የሠራነው ሒሳብም ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ። አንዲት ጎበዝ ተመራማሪዬን ለሽልማት ልጠቁማት ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጽፌላት አልተመረጠችም። ደብዳቤዬ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ደብዳቤዎን አውጥተው «ታታሪ»፣ «ትጉህ»፣ «ተግባቢ»፣ «ኃላፊነት የሚሰማት» የሚሉትን ቃላት ያስምሩባቸው። እውነት ናቸው፤ ግን ሸላሚው የሚፈልገው ሠራተኛ አይደለም። ለሴቶች የሚጻፉ ደብዳቤዎች በትጋት ላይ፣ ለወንዶች የሚጻፉት በግኝት ላይ ማዘንበላቸው በጥናት የታየ ነገር ነው፤ ጻፊው ሴት ብትሆንም ያው ነው።

ያሰመሩበትን ሁሉ አውጥተው በምትኩ እሷ ባትኖር ያልተሠራውን ነገር ይጻፉ። «በምስሎቹ ላይ ያለው ስሕተት ከጭንቅላት መንቀሳቀስ እንደመጣ ያገኘችው እሷ ናት፤ ሦስት ዓመት የሠራንበትን ውጤት እንደገና አስልታ ግማሹን ራሷ ጣለችው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ቅጽል ይበልጣል። የተጣለውን ውጤት መጻፍ አይፍሩ። ሐሳቡ የእርስዎ ነበር ወይስ የእሷ? ገምጋሚው ይህን ከደብዳቤው ማወቅ ይፈልጋል፤ ጽሑፎቹ ላይ የሁለታችሁም ስም አለና ከሌላ ቦታ አያገኘውም። በየትኛው ጽሑፍ ላይ ሙከራውን ማን ነደፈ፣ መረጃውን ማን ሰበሰበ፣ ማን ተነተነ የሚለውን ለይተው ያስቀምጡ።

ርዝመቱ ከሁለት ገጽ አይለፍ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ እሷ ይሁን እንጂ ስለ እርስዎ ቤተ ሙከራ ታላቅነት አይሁን፤ ይህ የኃላፊዎች የጋራ በሽታ ነው። ሁለተኛው ደጋፊ ከእናንተ ተቋም ውጭ ያለ፣ ሥራዋን አንብቦ የሚያውቃት ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት የሥራ ዝርዝሯንና ዋና ዋናዎቹን ሦስት ጽሑፎች አያይዘው ይጠይቁት። የአምናውን ደብዳቤ አንሥተው የሚያሻሽሉ ከሆነ ደግሞ የሽልማቱን ስምና «እሱ»ና «እሷ»ን አንድ በአንድ ያረጋግጡ። ለሌላ ሽልማት፣ ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ ሲመጣ ገምጋሚው ከሦስተኛው መስመር አያልፍም።